ዛፉ የሚወድቀው ፕላኑ ላይ ነው

የኒው ዚላንዷ ኦክላንድ ለረጅም ዓመታት ጠበቅ ያለ ደንብ ነበራት። ዛፉ በግል ግቢ ውስጥ ቢቆምም ከተወሰነ ቁመትና ውፍረት ካለፈ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። እ.ኤ.አ. በ2009 የአገሪቱ ፓርላማ ቢሮክራሲ ለመቀነስ ብሎ ሕጉን አሻሻለ። ከጥር 2012 ጀምሮ የከተማ ዛፎችን በጅምላ የሚጠብቅ ደንብ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው ጥበቃ የሚያገኘው አንድ በአንድ ተመርጦ መዝገብ ላይ የሰፈረ ዛፍ ነው። ያልተመዘገበውን ባለቤቱ ጠዋት ተነስቶ ሊጥለው ይችላል። ማንንም አይጠይቅም።

ስለ ከተማ ዳርቻ ዛፎች ሳስብ ቶሎ የሚመጣብኝ ይህ ታሪክ ነው። ብዙ ከተሞች ውስጥ ቀስ በቀስና ሳይታወቅ የሚሆነው ነገር እዚያ በአንድ የሕግ ለውጥ ግልጽ ብሎ ወጣ። ዋይቴማታ በሚባለው የከተማዋ ክፍል በአየር ላይ ልኬት ሁለት ጊዜ ተወስዶ ተነጻጽሯል። ከ2006 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ከ60 ሄክታር በላይ የዛፍ ሽፋን መመንጠሩ ታየ። በእርግጥ በእነዚያው ዓመታት ያደገም አለ። የዓመታቱ ግማሽ ያህል ደግሞ ሕጉ ሳይነሳ በፊት ነው። ስለዚህ ሁሉንም በሕጉ ላይ መጫን አይቻልም። ግን የተቆረጠውና የበቀለው አንድ ዓይነት ዛፍ አይደለም። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

የከተማዋ ምክር ቤት በ2019 ይፋ ያደረገው የከተማ ደን ስትራቴጂ ሦስት ቁጥሮች አሉት። የዛፍ ጥላ የሚሸፍነው ከከተማው መሬት 18 በመቶ ያህሉን ነው። ከዚያ ውስጥ 61 በመቶው የሚገኘው በግል ይዞታ ላይ ነው። ቁመቱ ከ20 ሜትር የሚያልፈው ደግሞ 6 በመቶ ብቻ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ አንብቧቸው። ትልልቁ ዛፍ በጣም ጥቂት ነው። አብዛኛው ዛፍ ያለው ደግሞ በሰው ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው ሲሸጥና አሮጌው ቤት ፈርሶ ሦስት አራት አዲስ ቤት ሲሠራበት፣ ዛፉ ምን እንደሚሆን መገመት ከባድ አይደለም።

አቮንዴል በተባለው የዚያው ከተማ ሰፈር የሆነውም ይኸው ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ወደ 100 ዓመት ገደማ የቆዩ አገር በቀል ዛፎች ተሰባስበው ቆመው ነበር። ቦታው ለቤት ግንባታ ተሸጠ። የሰፈሩ ሰዎችና ተቆርቋሪዎች ለወራት ቦታው ላይ ሰፍረው ተከላከሉ። መጋቢት 2021 ላይ ዛፎቹ ተቆረጡ። አልሚው ሕግ አልጣሰም። እኔን ያሳዘነኝም እሱ ነው። ተቃውሞው የመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነበር፤ ሰዎቹ የሚይዙት የሕግ አንቀጽ አልነበራቸውም።

ቤት ያስፈልጋል። ይህን ሳልሸፋፍን ልበለው። ኪራይ አልቻል ብሎት የሚንከራተት ሰው ስለ ዛፍ ሲወራለት ቢናደድ አልፈርድበትም። ከተማ ወደ ዳር እየተለጠጠ እርሻና ደን ከሚበላ፣ ባለበት ሰፈር ውስጥ ጠጋ ጠጋ ብሎ ቢሠራ ይሻላል። ኒው ዚላንድም በታኅሣሥ 2021 ባወጣችው ሕግ በትልልቅ ከተሞቿ በአብዛኛው የመኖሪያ ቦታ ላይ እስከ ሦስት ፎቅ የሚደርሱ ሦስት ቤቶችን ያለ ልዩ ፈቃድ መሥራት ፈቀደች። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ችግሩ ሕጉ ዛፉን አላየውም። ቤቱ የት ላይ ይረፍ የሚለው ጥያቄ ሲመለስ ዛፉ ወረቀቱ ላይ የለም።

«ቆርጠን በምትኩ እንተክላለን» የሚለውን መልስ ሁላችንም ሰምተናል። ለአንዱ ዛፍ ሦስት ችግኝ፣ አንዳንዴ አምስት። ቁጥሩ ደስ ይላል። ግን ሒሳቡ ዓመታትን አይቆጥርም።

ለምሳሌ የግንድ ፍልፍሎችን እንውሰድ። አውስትራሊያ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ የጀርባ አጥንት ያላቸው የእንስሳት ዝርያዎች በዛፍ ፍልፍል ውስጥ ያድራሉ ወይም ይራባሉ። በቀቀኖች አሉ፣ ጉጉቶች አሉ፣ የሌሊት ወፎች አሉ። እዚያ አገር በቀል የሆነው ባሕር ዛፍ ደግሞ እንዲህ ያለ ፍልፍል ለማውጣት በተለምዶ ከ120 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ቅርንጫፍ ይሰበራል። ቁስሉ በኩል ፈንገስ ይገባል። ምስጥ ውስጡን ይበላል። ሰፊው ፍልፍል፣ ትልልቅ ወፎች የሚገቡበት፣ ከዚያም በላይ ይቆያል። ካንቤራ ውስጥ የተሠራና በ2014 የታተመ ጥናት አሁን ባለው አያያዝ ከቀጠለ በከተማው አረንጓዴ ቦታዎች ያሉት ፍልፍል ያላቸው ዛፎች በ300 ዓመት ውስጥ በአማካይ 87 በመቶ እንደሚቀንሱ ተንብዮአል። ዛሬ የተተከለው ችግኝ ለበቀቀኗ ቤት የሚሆነው የልጅ ልጆቻችን ካረጁ በኋላ ነው። እስከዚያ የት ትኑር?

አገር በቀል መሆኑ ለብቻው ሌላ ነገር ነው። አንዳንድ ሰው «ዛፍ ዛፍ ነው» ይላል። አይደለም። ወፎች ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡት በአብዛኛው አባ ጨጓሬና ትል ነው። ትሎቹ ደግሞ የሚበሉት አብረዋቸው ለረጅም ዘመን የኖሩትን ዛፎች ቅጠል ነው። ከሩቅ የመጣ ጌጠኛ ዛፍ ቅጠሉ ቢያብረቀርቅም ለእነሱ ምግብ አይሆንም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉ የመኖሪያ ሰፈሮች ካሮላይና ቺካዲ በምትባል ትንሽ ወፍ ላይ የተደረገ ጥናት በ2018 ወጥቷል። ግቢዎቹ ውስጥ ካለው ዕፅዋት ቢያንስ 70 በመቶው አገር በቀል ካልሆነ ወፏ ቁጥሯን ጠብቃ መቆየት አትችልም። የተጠናው የተራ ሰው ግቢ ነው፣ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። አዲስ የሚገነቡ ሰፈሮች ደግሞ ቆርጠው ሲተክሉ የሚመርጡት ብዙ ጊዜ ቀጭን፣ ቶሎ የሚያድግ፣ ቅጠሉ የማያስቸግር የውጭ ዛፍ ነው። ስለዚህ ሦስት ተተከለ ሲባል ምን ተተከለ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ስለ ካርቦንም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚያስበው በተቃራኒው ስለሆነ። ያረጀ ዛፍ ማደግ ስላቆመ ጥቅም የለውም የሚል እምነት አለ። በ2014 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ ጥናት 403 የዛፍ ዝርያዎችን ተመልክቶ በአብዛኞቹ ላይ ዛፉ በገዘፈ ቁጥር በዓመት የሚጨምረው ክብደትም እየበዛ እንደሚሄድ አገኘ። አንድ ግዙፍ ዛፍ በአንድ ዓመት የሚጨምረው አንድ መካከለኛ ዛፍ በዕድሜው ሁሉ ካከማቸው ሊተካከል ይችላል። ስለ ሙቀት ብዙ አልልም። ከዛፍ ሥር ያለ አስፋልትና ፀሐይ ላይ ያለ አስፋልት በቀትር ልዩነታቸው ከ11 እስከ 25 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። የሚያውቀው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ግንባታው ቦታ እንግባ። «ዛፉን እናቆየዋለን» ተብሎ ቃል ተገብቶም ዛፉ የሚሞትበት መንገድ አለ። ይህ ብዙም አይወራም።

ብዙ ሰው የዛፍ ሥር ወደ ታች ጠልቆ የሚሄድ ይመስለዋል። አብዛኛው ሥር ግን ከመሬት በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ውስጥ ነው ያለው። የሚሄደውም ወደ ጎን ነው፣ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ እንኳ አልፎ። አውስትራሊያና ብሪታንያ በግንባታ ቦታ ላይ ዛፍ ለመጠበቅ ለዓመታት የሠሩበት መስፈርት ተመሳሳይ ስሌት ይጠቀማል። የግንዱ ስፋት በሰው ደረት ከፍታ ላይ ይለካል። በ12 ይባዛል። የሚገኘው ቁጥር ከግንዱ መሐል ወደ ዙሪያው መነካት የሌለበት ርቀት ነው። ግንዱ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዛፍ በየአቅጣጫው 9 ሜትር ከ60 ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ 290 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ግቢው 600 ካሬ ከሆነ ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ግንዱን ብቻ በጣውላ ከብቦ «ጠበቅነው» ማለት ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ነገሩ የሚጀምረው የመጀመሪያው ቀን ነው። ዶዘር ይገባል፣ የድሮውን ቤት ያፈርሳል፣ ፍርስራሹ በከባድ መኪና ይጫናል። መኪናው ምቹ መንገድ ይፈልጋልና በዛፉ ጥላ ሥር ይመላለሳል። አፈሩ ይጠቀጠቃል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል አየርና ውኃ የሚይዙት ክፍተቶች ይዘጋሉ። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምልልሶች ነው። ሥር አየር ካላገኘ ይታፈናል።

ቀጥሎ ስካቫተሩ ለፍሳሽ፣ ለውኃና ለመብራት መስመር ቦይ ይቆፍራል። ቦዩ ቀጥ ብሎ መሄድ ስላለበት ሥሩን በጎን ይበጥሰዋል። ማንም አይቆጥረውም፤ አፈር ይመለስበታል። ከዚያ ግቢው ደልደል እንዲል ተብሎ አንዱ ጎን 40 ሳንቲ ሜትር አፈር ይቆለልበታል። አሸዋና ጠጠር ጥላ ፍለጋ ዛፉ ሥር ይራገፋል። የሲሚንቶ ማቡኪያው የታጠበበት ውኃም እዚያው ይደፋል።

ቤቱ አልቆ ሲመረቅ ዛፉ አረንጓዴ ነው። ፎቶም አብሮ ይነሳል። ዛፍ ያጠራቀመውን ስንቅ እየበላ ይቆያልና ወዲያው አይታይበትም። በሁለተኛው ዓመት ቅጠሉ አነስ ይላል። በሦስተኛው አናቱ ላይ ያሉት ቅርንጫፎች ይደርቃሉ። ግንዱ ሥር እንጉዳይ ይወጣል። በአምስተኛው ወይም በሰባተኛው ዓመት «ሞቷል፣ ሰው ላይ ሊወድቅ ነው» ተብሎ ይቆረጣል። በዚያን ጊዜ ተቋራጩ ሌላ ሥራ ላይ ነው፤ ቦዩንም የሚያስታውሰው የለም። የሰፈሩ ሰው ዛፉ በእርጅና ሞተ ብሎ ያምናል።

የሚያስቆጨው ይህን ሁሉ ማስቀረት መቻሉ ነው። አንድ ሁኔታ ብቻ አለው። አርክቴክቱ የመጀመሪያውን መስመር ከማስመሩ በፊት የዛፍ ባለሙያ ቦታው ላይ መድረስ አለበት። ያኔ ቤቱን በአራት ሜትር ማዞር ምንም ወጪ የለውም። መስመሩን ማጥፋትና እንደገና ማስመር ነው። ዲዛይኑ አልቆ፣ ባንኩ አበድሮ፣ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ግን አራት ሜትር ማለት ብዙ ገንዘብና ብዙ ወር ነው። ባለሙያው በዚያ ሰዓት ሲጠራ የሚጻፍለት ሥራ «ዛፉ ለምን መቆረጥ እንዳለበት አስረዳ» የሚል ይሆናል።

ቀድሞ ከታሰበ ብዙ መንገድ አለ። ወደ ጎን ከመለጠጥ አንድ ፎቅ መጨመር ይቻላል። ሥር ባለበት በኩል ረጅም የመሠረት ቦይ ከመቆፈር ቤቱን በፓይል፣ ማለትም መሬት ውስጥ በጥልቀት በሚገቡ ምሰሶዎች ላይ አንስቶ በአግዳሚ ቢም ማያያዝ ይቻላል። ፓይሉ የሚገባበት ቦታ በአየር ግፊት እየተነፋ ይቆፈራል። አየሩ አፈሩን ያነሳል፣ ሥሩን ግን አይቆርጥም፤ ወፍራም ሥር ሲታይ ፓይሉ ግማሽ ሜትር ይሸሻል። የፍሳሽ ቱቦም ቢሆን ቦይ ሳይከፈት ከሥሮቹ በታች በመቦርቦሪያ ማሽን ማሳለፍ ይቻላል። እነዚህ ሁሉ በየቀኑ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። ጠንካራ አጥር ደግሞ ማንኛውም ማሽን ከመግባቱ በፊት ይተከል፤ ሠራተኛ ጠዋት አንስቶ ማታ የሚመልሰው ላስቲክ አይሁን።

ከሁሉ በላይ ግን ፓርኪንግ። ብዙ ጊዜ ዛፉን የሚያስቆርጠው የመኪናው ማቆሚያና መዞሪያ ነው፤ ቤቱ ራሱ አይደለም። አንድ መኪና ቆሞ፣ ወጥቶና ዞሮ እንዲሄድ ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይበላል። አራት ቤት ሁለት ሁለት መኪና እንዲይዝ ከተገደደ ከ200 ካሬ በላይ አስፋልት ሆነ ማለት ነው። ይህ ከላይ ያሰላነው ዛፍ ከሚፈልገው ቦታ ብዙም አያንስም። ኒው ዚላንድ በዚህ በኩል ጥሩ ሠርታለች። በ2020 ባወጣችው ብሔራዊ ፖሊሲ መሠረት ትልልቅ ከተሞቿ እስከ የካቲት 2022 ድረስ «ለአንድ ቤት ቢያንስ ይህን ያህል መኪና ማቆሚያ» የሚለውን ግዴታ እንዲያነሱ ተደርገዋል። ቦታው ተለቀቀ። የተለቀቀውን ቦታ ለዛፉ የሚሰጥ አንቀጽ ግን አብሮ አልመጣም።

ሕግ ቢወጣስ? ሕግም ቀዳዳ አለው። በውፍረት የሚለካ ደንብ ሲኖር ልኬቱ ላይ ሊደርስ ትንሽ የቀረው ዛፍ ቶሎ ይቆረጣል። ዛፍ ያለበት ቦታ ላይ ማመልከቻ ይከብዳል ሲባል፣ አንዳንዱ ማመልከቻ ሳያስገባ ቦታውን መላጣ ያደርገውና «ዛፍ የለም» ብሎ ይመጣል። በመዝገብ ብቻ የሚጠብቅ ሥርዓትም ደካማ ነው። ኦክላንድ ውስጥ አንድ ዛፍ መዝገብ ላይ ለማስፈር የከተማዋን ፕላን በይፋ ማሻሻል ይጠይቃል። ያ ደግሞ ጊዜና ገንዘብ ነው። ወረቀቱ ሲዞር መጋዙ ይቀድማል።

እኔን የሚያሳምነኝ መነሻውን የሚገለብጥ ደንብ ነው። ሲንጋፖር ለዛፍ ጥበቃ በከለለቻቸው አካባቢዎችና በባዶ መሬቶች ላይ የግንዱ ዙሪያ ከ1 ሜትር የሚያልፍ ዛፍ ሁሉ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። ዛፉ ተጠብቆ ይጀምራል፤ ማስረዳት ያለበት መቁረጥ የፈለገው ነው። ሲንጋፖር የመሬት ጥበት እንዴት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልጋትም። ፎቅ ግን መሥራት አላቆመችም።

ቅጣቱም ትርፉን የሚነካ መሆን አለበት። አልሚው ሊያገኝ ካሰበው ጋር ሲተያይ ቅጣቱ ኢምንት ከሆነ የወጪ ዝርዝሩ ውስጥ አስቀድሞ ይገባል። በእንግሊዟ ፑል ከተማ አንድ ሰው ጥበቃ ያለበትን ዛፍ ለባሕር እይታ ብሎ አስቆረጠ። ፍርድ ቤቱ 75,000 ፓውንድ ቀጣው። በዚያ ላይ ዛፉ በመቆረጡ ቤቱ ላይ ለተጨመረው ዋጋ ብሎ 50,000 ፓውንድ ወረሰ። ሁለተኛው ቁጥር ነው ትልቁ ቁም ነገር። ዛፉን በመቁረጥ የተገኘ ጥቅም ከኪስ ከወጣ፣ መቁረጡ ትርጉም ያጣል።

ከሌላው ወገን ያለውን ጭንቀትም ማየት አለብን። ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ይጥላል። ሸክላ አፈር ላይ ሥሩ ውኃውን ሲመጥ አፈሩ ይሸበሸብና የቤት መሠረት ሊያንቀሳቅስ ይችላል። እንዲህ ያለ ዛፍ ያላት አንዲት አሮጊት ባለቤት የሰፈሩን ሁሉ ጥላ ብቻዋን ትሸከም፣ የመግረዙንም ወጪ ትክፈል ማለት ፍትሐዊ አይደለም። ሰፈሩ የሚጠቀም ከሆነ ሰፈሩ ይክፈል። የንብረት ግብር ቅናሽ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የሚሸፍነው የባለሙያ ምርመራና ገረዛ፣ ዛፉን ላቆየ አልሚ አንድ ፎቅ ተጨማሪ ፈቃድ። ያለ እንዲህ ዓይነት ነገር ደንቡ ጠላት ያፈራል። ባለቤቶችም ዛፋቸው ገና ለጋ ሳለ ይነቅሉታል።

አጠገባችሁ ያለ ግቢ ተሸጦ ግንባታ ሊጀመር ነው ከተባለ ሳይት ፕላኑን ጠይቁ። ዛፉ የት እንደተሣለ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ግንዱን የምታክል አንዲት ትንሽ ክብ ታገኛላችሁ። የሥሩ ክብ አብሮ ካልተሣለ፣ ቦዩና የመኪናው መንገድ በየት እንደሚያልፍ ካልታየ፣ ዛፉ እንደሚቆይ የተጻፈው ቃል ዋጋ የለውም። ተቃውሞ የሚሰማበት ጊዜ ካለም አሁን ነው።

የመጨረሻው ነገር መያዣ ገንዘብ ነው። አንዳንድ የአውስትራሊያ ማዘጋጃ ቤቶች አልሚው ዛፉን በሕይወት ካላቆየ የማይመለስ ገንዘብ ያስይዛሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ገንዘቡ ግን ቤቱ እንዳለቀ ወይም ብዙም ሳይቆይ ከተመለሰ፣ ዛፉ በአምስተኛው ዓመት ሲሞት የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። መያዣው ቢያንስ ለ5 ዓመት ይቆይ። ቤቱ ቢሸጥም መያዣው አልሚው ላይ እንዳለ ይቅር። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ከአልሚው ገንዘብ የማይቀበል የዛፍ ባለሙያ ይየው፤ የጻፈውንም ሪፖርት ጎረቤት ሁሉ ሄዶ ማንበብ ይቻል።